አኩፓንክቸር ለራስ ምታትና ለድባቴ፦ ምእመናን ሲጠይቁን ምን እንመልስ?

ባለፈው ሩብ ዓመት በአንድ ወረዳ ቤተ ክህነት ለካህናትና ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላት የሰጠነው የጤና ሥልጠና ሊጠናቀቅ ሲል አንድ አረጋዊ ቄስ እጃቸውን አንሥተው ከርእሳችን ውጭ የሆነ ጥያቄ አቀረቡልን። የንስሐ ልጃቸው የሆነች አንዲት እናት ለዓመታት በራስ ምታት ስትሠቃይ ኖራለች። ጎረቤቷ «ቻይናውያን ሐኪሞች በቀጫጭን መርፌ ይፈውሱታል» ብላ ስለ ነገረቻት «አባ፣ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?» ስትል ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም «ሂጂ» ለማለትም «ኃጢአት ነው» ለማለትም ስለ ተቸገሩ «ቆዪ፣ የሚያውቁትን ልጠይቅልሽ» ብለው አሰናበቷት።

ከእርሳቸው ቀጥለው የተናገሩት የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ደግሞ ይበልጥ ያሳሰበንን ነገር ጨመሩ። በአጥቢያቸው የሚገኝ አንድ ወጣት ለድባቴ ሕመም ከጤና ጣቢያ የታዘዘለትን ክኒን፣ «መርፌው ብቻ ይበቃሃል» የሚል ምክር ሰምቶ፣ ሐኪሙን ሳያማክር አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ከቤት አይወጣም፤ ከሰውም አይነጋገርም።

በዚያን ዕለት የሰጠነው መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን ከሕክምና ባለሙያዎች ጠይቀንና የታተሙ ጥናቶችን መርምረን የደረስንበትን በዚህ ጽሑፍ እናቀርባለን። ዓላማችን አኩፓንክቸርን ማስተዋወቅም ማውገዝም አይደለም። ሕመምተኛ ምክር ፍለጋ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ንስሐ አባቱ በመሆኑ፣ ካህኑ የሚሰጠው ቃል እውቀትን የተመረኮዘ እንዲሆን ለማገዝ ነው።

አኩፓንክቸር ምንድን ነው?

አኩፓንክቸር በቻይና የተጀመረ ጥንታዊ የሕክምና ጥበብ ነው። ስለ እርሱ የሚያስተምረው «ሁዋንግዲ ኔይጂንግ» የተባለው የሕክምና ድርሳን ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት እንደ ተጠናቀረ ይታመናል። በጥንቱ ትምህርት መሠረት «ቺ» የሚሉት የሕይወት ኃይል በሰውነት ውስጥ በተወሰኑ መስመሮች ይመላለሳል፤ ሕመም የሚመጣውም ይህ ፍሰት ሲታወክ ነው። ባለሙያው በመስመሮቹ ላይ ባሉ ነጥቦች መርፌ በመትከል ፍሰቱን ያስተካክላል ይላሉ። እነዚህ ነጥቦች በዛሬው አቆጣጠር 361 ናቸው።

ዘመናዊው የሰውነት ጥናት «ቺ»ንም ሆነ መስመሮቹን በአካል ውስጥ አላገኛቸውም። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሚሰጡት ማብራሪያ የተለየ ነው። መርፌው በቆዳና በጡንቻ ውስጥ ያሉትን ነርቮች ይቀሰቅሳል፤ ነርቮቹም ወደ አንጎል መልእክት ሲልኩ ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው ኢንዶርፊን የተባሉ የሕመም ማስታገሻ ንጥረ ነገሮች ይመነጫሉ።

መርፌው በጤና ጣቢያ ከምናውቀው መርፌ ይለያል። ቀዳዳ የለውም፤ መድኃኒትም አይገባበትም። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሲሆን ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ባለሙያው እንደ ሕመሙ ዓይነት በራስ፣ በአንገት፣ በእጅ ወይም በእግር ላይ ጥቂት መርፌዎችን ይተክልና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ያቆያቸዋል። ታካሚው መጠነኛ የመደንዘዝ ወይም የመክበድ ስሜት ይሰማዋል። ይህም በአገራችን ከሚታወቀው ዋግምት የተለየ ነው፤ ዋግምት ቆዳን በጥቶ ደም ሲስብ አኩፓንክቸር ደም ለማውጣት የሚደረግ አይደለም።

ይህ ሕክምና በምዕራቡ ዓለም በስፋት መነጋገሪያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1971 ጄምስ ሬስተን የተባለው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ቤጂንግ ሳለ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ከዚያ በኋላ ለገጠመው ሕመም በመርፌ እንደ ታከመ ከጻፈ ወዲህ ነው። ወደ አገራችንም ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቻይና የሕክምና ቡድኖች እየተፈራረቁ ሲመጡ ቆይተዋል፤ በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ቡድኖቹ ከሚያገለግሉባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። እንግዲህ የንስሐ ልጆቻችን የሚሰሙት ወሬ ከባዶ የመነጨ አይደለም።

ለራስ ምታት ምን ያህል ይረዳል?

ራስ ምታት ሁሉ አንድ አይደለም። ማይግሬን የሚባለው ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን እየወጋ የሚነሣ፣ ማቅለሽለሽ የሚያመጣ፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላና ከሰዓታት እስከ 3 ቀን የሚቆይ ነው። ሌላውና በብዛት የሚታየው፣ ጭንቅላትን ዙሪያውን በሻሽ ጥብቅ አድርገው ያሰሩት ያህል የሚጨምቅ ነው፤ ይህም ከጡንቻ መወጠርና ከጭንቀት ጋር ይያያዛል። አኩፓንክቸር በደንብ የተጠናው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

ጥናቶቹ የሚካሄዱት ሕመምተኞችን በዕጣ በመክፈል ነው። አንዱ ክፍል እውነተኛውን ሕክምና ያገኛል። ሌላው የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ያገኛል። ሦስተኛው ደግሞ «የማስመሰያ መርፌ» ይደረግለታል፤ ይኸውም መርፌው ከነጥቦቹ ውጭ በላይ በላዩ ይተከላል፣ ወይም ቆዳን ሳይበሳ የተበሳ ያስመስላል። ታካሚው የትኛው እንደ ደረሰው አያውቅም።

ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት መርማሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ማይግሬን የተደረጉ 22 ጥናቶችን መርምሯል፤ በእነርሱም 4,985 ሰዎች ተሳትፈዋል። የውጤቱ ማጠቃለያ እንዲህ ነው። በወር በአማካይ 6 ቀን ማይግሬን የሚነሣበት ሰው በተለመደው እንክብካቤ ብቻ ወደ 5 ቀን ይቀንስለታል። የማስመሰያ መርፌ ወይም የመከላከያ መድኃኒት ሲያገኝ ወደ 4 ቀን፣ እውነተኛውን አኩፓንክቸር ሲያገኝ ደግሞ ወደ 3 ቀን ተኩል ዝቅ ይልለታል። ጨምቆ በሚይዘው ራስ ምታት ላይ የተደረጉ 12 ጥናቶችም ተቀራራቢ ነገር ያሳያሉ፤ ከታከሙት ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚታመሙባቸው ቀናት በግማሽ ቀንሰውላቸዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሕክምናው ሕመሙን ያቀለዋል እንጂ ነቅሎ አያጠፋውም። «ፈጽሞ ይፈውሳል» የሚል ማስታወቂያ ጥናቶቹ ከሚሉት አልፎ ይናገራል። ሁለተኛ፣ በእውነተኛውና በማስመሰያው መካከል ያለው ልዩነት አለ፤ ነገር ግን ትንሽ ነው። ከሚገኘው እፎይታ ብዙው የሚመጣው ከነጥቦቹ ትክክለኛነት ሳይሆን በጊዜ ከመደመጥ፣ በእጅ ከመዳሰስ፣ ከዕረፍትና ከተስፋ ይመስላል። ይህን ሰምተን ሕመምተኛውን «ሕመምህ በሐሳብህ ነው» ልንለው አይገባም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ እፎይታውም እውነተኛ ነው።

ይህንኑ ማስረጃ የተመለከቱ አገሮች ልዩ ልዩ ውሳኔ ወስነዋል። በእንግሊዝ የጤና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ጨምቆ ለሚይዘው ሥር የሰደደ ራስ ምታት ከ5 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ እስከ 10 ጊዜ የሚደረግ አኩፓንክቸርን ይመክራል፤ ለማይግሬን ግን መድኃኒቶቹ ካልተስማሙ በኋላ ነው። በጀርመን ደግሞ ሰፋፊ ጥናቶች ከተደረጉ በኋላ የሕዝብ የጤና መድን ለወገብና ለጉልበት ሕመም እንዲከፍል ሲወሰን ለራስ ምታት ግን አልተፈቀደም።

ለእኛ አጥቢያዎች ጥያቄው የወጪም ጭምር ነው። ከገጠር ወደ ከተማ 10 ጊዜ መመላለስ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ የመጓጓዣ ገንዘብና የሥራ ቀናት ያስከፍላል። አሚትሪፕቲሊንና ፕሮፕራኖሎል የተባሉት፣ ራስ ምታት እንዳይነሣ በየቀኑ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ዋጋቸው ቀላል ነው፤ ለማን እንደሚስማሙ ግን ሐኪም ይወስናል። ስለዚህ አቅም የሌለውን ሰው ላሙን ሽጦ መርፌ ፍለጋ እንዲሄድ መምከር ተገቢ አይደለም።

ሳይነገር የማይታለፍ ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው ፓራሲታሞልና መሰል ማስታገሻዎችን ከሱቅ እየገዛ ይውጣል። ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ሲወሰድ ራሱ ክኒኑ ራስ ምታት ያመጣል፤ አንዳንዶቹ ማስታገሻዎችማ በወር 10 ቀን ሲወሰዱም ይህን ያደርጋሉ። እንዲህ ላለው ሰው የመጀመሪያው ሕክምና በሐኪም እየተመከሩ ክኒኑን መተው ነው።

ለድባቴስ?

ድባቴ፣ በተለምዶ ድብርት የምንለው፣ ማዘን ብቻ አይደለም። ሰው ወዳጁ ሲሞትበት ያዝናል፤ ኀዘኑም በጊዜው ይቀልለታል። ድባቴ ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ልብ ሲከብድ፣ የሚወዱት ሁሉ ሲያስጠላ፣ እንቅልፍና ምግብ ሲታወክ፣ ጉልበት ሲከዳ፣ «የማልረባ ነኝ» የሚል ሐሳብ ሲደጋገም ነው። ሲከፋም ሞትን ያስመኛል። በአገራችን ብዙዎች ድባቴያቸውን የሚናገሩት «ልቤ ደከመ»፣ «ራሴን ያመኛል» እያሉ በአካል ሕመም ስለ ሆነ ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

በዚህ ሕመም ላይ የአኩፓንክቸር ማስረጃ ከራስ ምታቱ ይልቅ ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኮክሬን 64 ጥናቶችን፣ 7,104 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ሕክምና ፈጽሞ ካለማግኘት ጋር ሲነጻጸር የድባቴውን ክብደት ሊቀንስ እንደሚችል ገልጿል። ነገር ግን አብዛኛዎቹ ጥናቶች ጥራታቸው ዝቅተኛ ስለ ሆነ ውጤቱን በእርግጠኝነት መያዝ አይቻልም።

በዚህ ረገድ አንድ ጥናት ለካህናት ልዩ ትርጉም ያለው ይመስለናል። በሰሜን እንግሊዝ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ይህ ጥናት 755 የድባቴ ሕመምተኞችን በሦስት ከፈለ። አንዱ ክፍል ከተለመደው ሕክምና ጋር አኩፓንክቸር፣ ሁለተኛው ከተለመደው ሕክምና ጋር ከሠለጠነ አማካሪ ጋር መነጋገር፣ ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሦስተኛው ይልቅ ተሻላቸው፤ በመርፌውና በምክሩ መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባው፣ መርፌውም ምክሩም የተሰጡት ከሕክምናው ጋር ተጨምረው እንጂ ሕክምናውን ተክተው አለመሆኑን ነው።

በመግቢያችን የጠቀስነው ወጣት የተጎዳው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። የድባቴ መድኃኒት ሥራው የሚታየው ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፤ ሕመምተኛው ከተሻለውም በኋላ ለወራት ይቀጥላል። በድንገት ማቆም መጥፎ ስሜት ሊያስከትልና ሕመሙን ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ማንም ሰው፣ ባለ መርፌም ይሁን ካህን ወይም ዘመድ፣ «ክኒኑን ተው» የማለት ሥልጣን የለውም፤ ይህ የሐኪሙ ድርሻ ነው።

ጉዳት ሊያመጣ ይችላልን?

በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ሲሆን ከባድ ጉዳት እምብዛም አያጋጥምም። ጥቂት መድማት፣ መበለዝ ወይም ማዞር የተለመዱ ናቸው። ባልሠለጠነ እጅ ግን መርፌ ደረት ላይ በጥልቀት ገብቶ ሳንባን ሊበሳ ይችላል። በአንድ መርፌ ሁለት ሰው መውጋትም ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ያስተላልፋል። ስለዚህ መርፌው በታካሚው ፊት ከታሸገበት የሚወጣና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆን አለበት። ነፍሰ ጡሮችና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አስቀድመው መናገር ይገባቸዋል።

ለጿሚ ምእመናን የሚጠቅም አንድ ማሳሰቢያም አለ። በባዶ ሆድ መርፌ የሚተከልበት ሰው ሊዞርበትና ሊወድቅ ስለሚችል፣ ባለሙያዎች ቀለል ያለ ነገር ቀምሶ መምጣትን ይመክራሉ። በጾም ወቅት ቀጠሮው ከመብል ሰዓት በኋላ እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል፤ ካልሆነም ታማሚው ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር።

ከሃይማኖታችን ጋር ይጋጫልን?

ቤተ ክርስቲያን ሕክምናን አትንቅም። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። ቅዱስ ባስልዮስ በቂሳርያ ለድኾችና ለሕሙማን ማረፊያ ሠርቷል። ቅርብ በሆነው ዘመንም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመሩ ምእመናን ጸበል ሲገቡ መድኃኒቱን እየተዉ ይጎዱ በነበረበት ጊዜ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ተናግረዋል። ያ ቃል የብዙዎችን ሕይወት የሚመለከት ነበር።

አኩፓንክቸርንም በዚሁ ሚዛን መመልከት ይቻላል። መርፌው በቆዳ ላይ የሚተከል ብረት ነው፤ ታካሚውን የእምነት ቃል አይጠይቀውም። ከጥንት የወረሰው ፍልስፍና የእኛ ትምህርት ባይሆንም፣ ታካሚው መርፌውን ሲቀበል ፍልስፍናውን መቀበል ግድ አይሆንበትም። ነገር ግን አንድ ሰው ከመርፌው ጋር ድግምት፣ ክታብ ወይም ሌላ አምልኮ ቢጨምር፣ ያ ሕክምና አይደለምና ምእመኑ ሊሸሸው ይገባል።

ካህኑና ሰበካ ጉባኤው ሊጠይቋቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች

ምእመን ስለዚህ ሕክምና ሲያማክረን «ሂድ» ወይም «አትሂድ» ከማለታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ።

የመጀመሪያው «ሐኪም አይቶሃልን?» የሚለው ነው። በድንገት የመጣና ከዚህ ቀደም ያልታየ ብርቱ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ ከአንድ ወገን መስነፍ ወይም ከንግግር መያዝ ጋር የመጣ፣ ከመውደቅ ወይም ከመመታት በኋላ የተነሣ፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ፣ ወይም በነፍሰ ጡር ላይ ከዓይን ብዥታ ጋር የታየ ራስ ምታት ሁሉ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ማጅራት ገትርና የደም ግፊት በመርፌ ተራ ጥበቃ ጊዜ ሊጠፋባቸው አይገባም።

ሁለተኛው «መርፌውን የሚይዘው ማን ነው?» የሚለው ነው። ፈቃድ ባለው የጤና ተቋም የሚሠራ የሠለጠነ ባለሙያ ነውን? መርፌው አዲስ ነውን? ስንት ጊዜ መመላለስ እንደሚያስፈልግና ዋጋው ስንት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይናገራልን? ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለውጥ ከሌለ ያቆማልን?

ሦስተኛውና ዋነኛው «ለዚህ ብለህ ምን ትተሃል?» የሚለው ነው። የድባቴ፣ የሚጥል በሽታ፣ የደም ግፊት ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የተወ ካለ፣ ወደ ሐኪሙ እንዲመለስ እናግዘው፤ ብቻውን የሚከብደው ከሆነም አብሮት የሚሄድ ሰው እንመድብለት። ስለ ሞት የሚናገርን ሰው «ራስህን ልታጠፋ አስበሃልን?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ይልቁንም እንዲናገር በር ይከፍትለታል። «አዎ» ካለ ብቻውን ሳንተወው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም እናድርሰው፤ ገመድና ፀረ ተባይ መርዝም ከአጠገቡ ይራቅ። ኑዛዜ በምሥጢር ይጠበቃል፤ ነገር ግን የንስሐ አባት ራሱ ልጁን እጁን ይዞ ወደ ሐኪም እንዳይወስድ የሚከለክለው ነገር የለም።

ሰበካ ጉባኤያትም በአቅራቢያቸው ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግረው፣ የአእምሮ ሕመምን የሚያይ ባለሙያ በየትኛው ቀን እንደሚገኝ አውቀው በማስታወቂያ ሰሌዳቸው ቢለጥፉት፣ ወጪው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

አረጋዊው ቄስ ለንስሐ ልጃቸው ሊሰጧት የሚችሉት መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ «አስቀድመሽ ጤና ጣቢያ ታዪ፤ የምትውጪውንም ክኒን ቁጠሪ። ሐኪሙ አደገኛ አይደለም ካለሽና አቅሙ ካለሽ፣ ከሠለጠነ ባለሙያ ዘንድ መሞከር ኃጢአት አይደለም፤ ካልቻልሽም የቀረብሽ ትልቅ ነገር የለምና አትዘኚ።» ለወጣቱ ግን ከመልስ ይልቅ ሰው ያስፈልገው ነበር። ከሥልጠናው በኋላ የጉባኤው ጸሐፊና አንድ ዲያቆን ወደ ቤቱ ሄደው ከእርሱ ጋር ተቀመጡ፤ በሳምንቱም ይዘውት ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሱ። መድኃኒቱን እንደገና ጀምሯል። መንገዱ ገና ረጅም ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይሄድበትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።